በሁለተኛው ዙር ጀርባውን ሰጠ

የእህቴ ልጅ 19 ዓመቱ ነው። ከሦስት ወር በፊት ኮምቦልቻ ላይ በተደረገ የቦክስ ውድድር፣ በሁለተኛው ዙር መሃል ጀርባውን ሰጠ። አልወደቀም። ከአፍንጫው ትንሽ ደም ከመውረዱ በቀር የሚታይ ጉዳት አልነበረበትም። ተጋጣሚው ጎኑ ላይ ሁለት ሦስት ቡጢ አሳረፈበት። ከዚያ ልጁ ግራ ጓንቱን ከፍ አደረገ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ዞሮ ወደ ገመዱ ሄደ። ዳኛው መሃል ገብቶ ግጥሚያውን አስቆመ።

አዳራሹ ለአፍታ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ከኋላ በኩል አንድ ሰው «ፈሪ!» ብሎ ጮኸ። ሌሎች ሳቁ። ልጁ ጓንቱ እስኪፈታለት ድረስ ቀና ብሎ ማንንም አላየም።

እኔ ሦስተኛው መደዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። በወጣትነቴ ደሴ ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ቦክስ ሠርቻለሁ። ትልቅ ቦታ አልደረስኩም፣ ግን ጓንት ማሰር አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ጓንት የገዛሁለትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ያ «ፈሪ» የሚለው ቃል እኔም ላይ ያረፈ መሰለኝ።

ማታ በሚኒባስ ወደ ደሴ ተመለስን። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን ሐረጎ ላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ስለሚወጣ፣ ዝም ለሚባባሉ ሁለት ሰዎች በጣም ረጅም ነው። እሱ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ጨለማውን ያያል። እኔ የፊተኛውን ወንበር አያለሁ። ሐረጎን ጨርሰን የደሴ መብራት እስኪታየን አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እውነቱን ልናገር፤ አፍሬበት ነበር። ይህንን ጽሑፍ የምጽፈውም በዋናነት በዚያ ዝምታ ምክንያት ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚጠይቀኝ ሰው በዛ። ፒያሳ ላይ፣ ሰፈር ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር፦ «ልጁ ከእንግዲህ ይመለሳል ብለህ ነው?» አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ የድሮ ቦክሰኛ እንዲያውም ሳልጠይቀው ፈረደ። «አንዴ የዞረ ሰው ሁሌም ይዞራል» አለኝ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ይኼኛው ዛፍ ደግሞ ገና 19 ዓመቱ ነው። ያ ንግግር እንቅልፍ ነሳኝ። እውነት ከሆነ ልጁ እንዲተወው ልመክረው፣ ውሸት ከሆነ ደግሞ በማስረጃ ልሞግተው ብዬ ማታ ማታ ስልኬ ላይ የድሮ ግጥሚያዎችን መፈለግ ጀመርኩ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ያገኘሁት ሁሉም የሚያውቀውን ነው። ሮቤርቶ ዱራን የፓናማ ቦክሰኛ ነው። በሰኔ 1980 ሞንትሪያል ላይ ሹገር ሬይ ሌናርድን አሸነፈ። በዚያው ዓመት ኅዳር ኒው ኦርሊንስ ላይ እንደገና ሲገናኙ፣ በስምንተኛው ዙር እጁን አወናጭፎ «በቃኝ» ብሎ ወጣ። «ኖ ማስ» (በስፓኒሽ «ከእንግዲህ በቃ») የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ከስሙ ጋር ይጠራል፤ እሱ ግን እንዲያ አላልኩም ባይ ነው። ያን ያህል የሚወደው የፓናማ ሕዝብ ሰደበው። የሚገርመው ሰውየው ፈሪ ሊባል የሚችል የመጨረሻው ሰው መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ከ70 በላይ ግጥሚያ አሸንፎ አንዴ ብቻ ነበር የተሸነፈው፤ የሚጋጠሙትም ይፈሩት ነበር። በመጀመሪያው ድልና በሁለተኛው ግጥሚያ መካከል በጣም እንደወፈረና ብዙ ኪሎ በአጭር ጊዜ ለመቀነስ እንደተገደደ በኋላ ተወርቷል። ሆዴን ቆርጦኝ ነበር ብሏል። ብዙ ሰው አላመነውም። ሆኖም በ1983፣ 32ኛ የልደት ቀኑ ላይ፣ ዴቪ ሙርን አሸንፎ እንደገና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1989 ደግሞ በ37 ዓመቱ ኢራን ባርክሌይን አሸነፈ።

ይህንን አንብቤ ደስ አለኝ። ግን ዱራን አቋርጦ ሲወጣ 29 ዓመቱ ነበር። ሻምፒዮን ሆኖ፣ ስም ይዞ፣ ማንነቱን አሳይቶ የጨረሰ ሰው ነው። ለእህቴ ልጅ ምሳሌ አይሆነውም። ገና ምንም ያላሳየ፣ ሰዎች ሲያስታውሱት ያችን ደቂቃ ብቻ የሚያስታውሱለት ወጣት ፈለግሁ።

ቪክቶር ኦርቲዝን ያገኘሁት ያኔ ነው። ታሪኩን ሳነብ ብዙ ቆየሁ፤ እናንተም ታገሱኝ። አሜሪካዊ ነው፤ ያደገው ወላጆቹ ትተውት ነው። በሰኔ 2009 ሎስ አንጀለስ ላይ ማርኮስ ማይዳናን ሲገጥም 22 ዓመቱ ነበር። ሁሉም ቀጣዩ ኮከብ ይለዋል። ማይዳናን ሦስት ጊዜ መሬት ላይ ጣለው። ግን ማይዳና እየተነሳ መጣ። ስድስተኛው ዙር ላይ ኦርቲዝ ራሱ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ቅንድቡ አካባቢ ተተርትሮ ነበር፤ ከዚያ መቀጠል እንደማይፈልግ አሳየ። ወዲያው ማይክ ቀረበለት። ገና ደሙ ሳይደርቅ፣ ወጣት እንደሆነና እንዲህ መደብደብ እንደማይገባው ተናገረ። ያችን ንግግር ቦክስ ወዳዱ ይቅር አላለውም። እኔ ግን ደጋግሜ ስሰማት በጣም እውነተኛ ሆና አገኘኋት። ሌሎች የሚያስቡትን እሱ ጮክ ብሎ ተናገረው።

ከዚያስ? ትናንሽ ግጥሚያዎችን እያሸነፈ ሄደ። በሚያዝያ 2011 ያልተሸነፈውን አንድሬ ቤርቶን ገጠመ። ሁለቱም ሁለት ሁለት ጊዜ ወደቁ። ኦርቲዝ በወደቀ ቁጥር እየተነሳ 12 ዙር ጨርሶ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከሁለት ዓመት በፊት «አይነሳም» የተባለው ልጅ ነው። ሌሊቱን ብቻዬን ሆኜ አጨበጨብኩ።

ታሪኩ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ይህ ጽሑፍ አጭር ይሆን ነበር። በ2012 ከሆሴሲቶ ሎፔዝ ጋር ሲጋጠም መንጋጋው ተሰበረ። ዘጠኝ ዙር ጨርሶ ለአሥረኛው አልወጣም። ሰዎቹ ወዲያው «አላልናችሁም?» አሉ። የተሰበረ መንጋጋ ነው እኮ! አፉን መክደን አይችልም ነበር። ግን አንዴ ስም ከወጣልህ፣ ሐኪም የሚያረጋግጠው ስብራት እንኳ ለፈሪነትህ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል። እኔ ለእህቴ ልጅ የምፈራው ቀጣዩን ቡጢ ሳይሆን ይህንን ነው።

እንግሊዛዊው ቦክሰኛ ዳንኤል ዱቧ ላይም ያው ሆኗል። በኅዳር 2020፣ በ23 ዓመቱ፣ ለንደን ላይ ከጆ ጆይስ ጋር ሲጋጠም አሥረኛው ዙር ላይ ተንበርክኮ አሥር ተቆጠረበት። የግራ ዓይኑ ዙሪያ አጥንት ተሰብሮ ነበር። የድሮ ቦክሰኞች ሳይቀሩ መቀጠል ነበረበት አሉ። በ2023 በዩክሬናዊው ሻምፒዮን ኡሲክ ሲሸነፍ ያው ስድብ ተመለሰበት። በመስከረም 2024 ግን ዌምብሌይ ላይ፣ ከ90 ሺህ ሰው በላይ እያየ፣ አንቶኒ ጆሹዋን በአምስተኛው ዙር ዘረረው። በኋላም ተሸንፏል፤ ቦክስ ነው። ግን ያን ምሽት ያየ ሰው «አንዴ የዞረ ሁሌም ይዞራል» ማለት አይችልም።

ለረጅም ጊዜ ያልተመለሱም አሉ። ይህንን መደበቅ ለልጁ አይጠቅመውም። የጃማይካው ኒኮላስ ዋልተርስ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ቆይቶ፣ በ2016 ከዩክሬናዊው ሎማቼንኮ ጋር ሰባት ዙር ተጫውቶ በቃኝ አለ። ከዚያ ለዓመታት ሪንግ ውስጥ አልታየም።

ይሄን ሁሉ ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። የእኛ ሰው ለሯጭ እንዲህ አይጨክንም። አበበ ቢቂላ በ1968 ሜክሲኮ ላይ እግሩን አሞት ማራቶኑን አቋርጦ ወጣ። ማሞ ወልዴ ወርቁን አመጣ። አበበን ፈሪ ያለው ሰው አለ? ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2010 ኒው ዮርክ ላይ ጉልበቱ አላስኬድ ብሎት አቋረጠ። እዚያው ሩጫ አቆምኩ አለ፤ በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ። አገሩ በሙሉ አዘነለት እንጂ አልሰደበውም። ቀነኒሳ በቀለ በ2018 አምስተርዳም ላይ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ወጣ። ዓመት ሳይሞላው በርሊን ላይ 2:01:41 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰኑ በ2 ሰከንድ ብቻ አመለጠው።

ታዲያ ለቦክሰኛ ሲሆን ለምን ተለየ? ይመስለኛል ቃሉ ራሱ ነው። «ጀርባውን ሰጠ» እንላለን። በእኛ ቋንቋ ይሄ የጦር ሜዳ ቃል ነው። ጀርባውን የሰጠ ሰው ወገኑን ትቶ የሸሸ ነው፤ ልጆቹ ሳይቀሩ ሲሰደቡበት ይኖራሉ። ሪንግ ላይ ግን ወገን የለም። ትቶት የሚሸሸው አገር የለም። ያለው አንድ ልጅ፣ አንድ ሌላ ልጅና አንድ ዳኛ ነው። ያን ቀን ያ ልጅ ከማንም አልሸሸም። ማንንም አላስያዘም። እኔ ግን የጦር ሜዳውን ቃል ይዤ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጥኩ።

ሌላም ነገር አለ። በ1975 ማኒላ ላይ ጆ ፍሬዘር ከመሐመድ አሊ ጋር 14 ዙር ተደባድቦ ዓይኑ ተከድኖ ነበር። አሰልጣኙ ኤዲ ፉች ለ15ኛው ዙር አልለቀውም። ፍሬዘር ልቀጥል ብሎ ነበር፤ ፉች እምቢ አለ። ግጥሚያው ቆመ፣ ፍሬዘር ተሸነፈ። ግን እስከ ዛሬ ፍሬዘርን የሚሰድብ የለም፤ ፉችንም ሁሉም ያመሰግነዋል። «ይበቃል» የሚለውን ቃል ሌላ ሰው ስለተናገረለት ክብሩ አልተነካም። ከዚያ 13 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 1962 ኒው ዮርክ ላይ፣ ለቤኒ ፓሬት ያንን ቃል በጊዜ የተናገረለት አልነበረም። በ12ኛው ዙር ኤሚል ግሪፊት ገመድ ላይ አጣብቆ ደበደበው። ፓሬት ከአሥር ቀን በኋላ ሞተ።

የእህቴ ልጅ በሪንጉ ጥግ እንደ ፉች ያለ ሰው አልነበረውም። ስለዚህ ቃሉን ራሱ ተናገረው።

ይህንን ሁሉ ይዤ አንድ እሁድ ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ። እህቴ ገና ሳልቀመጥ «አብሽር፣ ፊትህ ምን ሆኗል?» አለችኝ። ቡና እየቆላች ነበር። ስለ ልጁ እንዳሰብኩ ነገርኳት። ማንከሽከሻዋን አስቀምጣ አየችኝ። «እናንተ ሁላችሁ ለምን ተወ ትላላችሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ነው የምለው። ልጄ በእግሩ ገባልኝ። ያን ማታ በር ሲከፍት ድምፁን ሰምቼ ነው የተኛሁት።»

መልስ አልነበረኝም። ስለ ዱራንም ስለ ኦርቲዝም ልነግራት አልሞከርኩም።

ልጁ ከጓዳ ወጣና አጠገቤ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ቡና ሲጠጣ ዝም አለ። ቶናው ላይ ሳልጠይቀው ማውራት ጀመረ። ሁል ጊዜ ኪሎው 62 እና 63 ነው። ለዚያ ውድድር ግን 57 ላይ ቦታ አለ ተባለ። አስር ቀን ብቻ ነበረው። ላስቲክ ለብሶ ሐረጎን ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ይሮጥ ነበር። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ውሃ አልጠጣም፤ አፉን ብቻ ያረጥባል። ጠዋት ሚዛን ላይ ሲወጣ 57 ሆነ፣ ሁሉም አጨበጨበ። ከሰዓት ሪንግ ላይ ወጣ። «ጋሼ፣ አንደኛው ዙር ሲያልቅ እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆነ። ሁለተኛው ላይ ጎኔን ሲመታኝ አየር አጣሁ። ልሞት ነው ብዬ አሰብኩ። ወላሂ።»

ማን 57 ግባ እንዳለው እዚህ አልጽፍም። እኔ ራሴም ኪሎ እየቀነሰ እንደሆነ አውቅ ነበር። ጉንጩ ሲገባ አይቼ «በርታ» ብዬዋለሁ። ውሃ ያጣ ሰውነት ጉልበት የለውም። ልብ ያለ ልክ ይመታል፣ እግር ይዝላል፣ ጭንቅላትም ቡጢ የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል ብለው የሚሰጉ ሐኪሞች አሉ። ፍርሃቱም ከዚህ ጋር ተደባልቆ ነው የመጣው። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይባላል። ይኼ ልጅ ግን የሚያልበው ላብ እንኳ አልቀረውም ነበር።

ቀጥዬ አንድ ነገር ጠየቅኩት። «ለምን አልተንበረከክክም?»

ግራ ገብቶት አየኝ። «ከተንበረከክኩማ አለቀ አይደል?»

አላለቀም ነበር። አንድ ጉልበቱን መሬት ቢያስነካ ዳኛው መቁጠር ይጀምራል፤ እስከ ስምንት ይቆጥራል። ስምንት ሰከንድ አየር ላጣ ሰው ብዙ ነው። ተጋጣሚውን ቀርቦ እጁን ቢያቅፈው ዳኛው እስኪያላቅቃቸው ሌላ ሁለት ሦስት ሰከንድ ያገኛል። ጓንቱን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ክንዱን ጎኑ ላይ ሰብስቦ፣ ገመዱን ተደግፎ ሊያሳልፈው ይችል ነበር። ከዚያ የአንድ ደቂቃ እረፍት ነበረው። መደብደብ አልያም ማቋረጥ የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ብቻ ያሉ መሰለው። በመካከል ያሉትን ትናንሽ በሮች ማንም አላሳየውም። እኛ ያሳየነው ጃብ (ቀጥታ ቡጢ)፣ ሁክ (ከጎን የሚመጣ ቡጢ)፣ የእግር ሥራ ነው። ሲጨንቀው ምን እንደሚያደርግ አላስተማርነውም። ስለ ጭንቀት ማውራት ራሱ ጭንቀቱን የሚጠራው ይመስለን ነበር።

አሁን «ይመለሳል ወይ?» ለሚሉኝ የምመልሰው አለኝ። ይመለሳል ብዬ አምናለሁ፤ ግን ተመልሶ የሚገባው በ62 ወይም 63 ኪሎው ነው። ውሃ ጠጥቶ ነው። ቢያንስ አንድ ወር ጭንቅላቱን ማንም ሳይመታው ነው። በአማተር ቦክስ ሕግ ጭንቅላቱን ተመትቶ የተዘረረ ሰው ቢያንስ 30 ቀን እንዳይጋጠም ይከለከላል። በሦስት ወር ውስጥ ሁለተኛ ከደገመው 90 ቀን ነው። ልጁ አልተዘረረም፣ ሕጉ አይመለከተውም። ግን ያን ቀን የደረሰበትን እሱ እንጂ ሕጉ አያውቀውም። ከዚያ ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ሲጀምር ጠንካራ ልጅ ፊት አቁመው «እስቲ ወንድነትህን አሳይ» እንዳይሉት። ከሚያምነው ልጅ ጋር፣ በግማሽ ጉልበት፣ ዙሩን ለመያያዝና ለመሸፈን ብቻ እንዲጠቀምበት። ገመድ ላይ ሆኖ ትንፋሹን እንዲያገኝ። ሃምሳ ጊዜ እንዲያደርገው። አካሉ ያቺን ቦታ ሲያውቃት ያን ያህል አታስፈራውም።

ምናልባትም አይመለስም። እናቱን አይቶ ይተወው ይሆናል። 19 ዓመት ነው። የሚማረው አለ፣ የሚሠራው አለ። ያኔም እኔ ጓንቱን የገዛሁለት አጎቱ ነኝ። ለሰዎች ሊያሳይ ብቻ የሚመለስ ከሆነ ግን እኔው ራሴ በር ላይ እቆምበታለሁ። የሰው አፍ የሚዘጋበት ቡጢ የለም፤ ኦርቲዝ ሻምፒዮን ሆኖም አልተዘጋለትም።

ባለፈው ቅዳሜ ቤቴ መጣ። ደሴ ላይ ሲዘንብ ውሎ ነበር፣ ጃኬቱ ርሷል። አንድ ጓደኛው በስልክ የቀዳው የግጥሚያው ቪዲዮ እንዳለኝ ያውቃል። «አሳየኝ» አለ። ሦስት ወር ሙሉ አላየውም ነበር። ጎን ለጎን ተቀመጥን። አንደኛውን ዙር ምንም ሳይናገር አየ። ሁለተኛው ላይ ጎኑን ሲመታ አቆመው። መለሰው። እንደገና አየው። «እዚህ ጋ ክርኔ ወጥቷል» አለ። «አዎ» አልኩት።

ቪዲዮው ቆሞ፣ ስልኩ በእጁ እንዳለ፣ ሳያየኝ ጠየቀኝ።

«ያን ቀን ሚኒባሱ ውስጥ ለምን ዝም አልክ?»

ሌላ ምክንያት ልሰጠው እችል ነበር፤ ደክሞኝ ነው፣ ልተውህ ብዬ ነው ልለው እችል ነበር።

«አፍሬብህ ነበር» አልኩት። «ይቅር በለኝ።»

ብዙ ቆየ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አቀረበው። «እሺ» አለ፣ «አሁን መጨረሻውን አብረን እንየው።»